ጋሽ ይሻው ያልሄዱበት መንገድ

በየከተማው መኪናውን ከራሱ ይልቅ ጎረቤቱ የሚነዳት አንድ ሰው አይጠፋም። የደብረ ታቦሩ ሰው ጋሽ ይሻው ናቸው። ያቺ አሮጌ ነጭ ቶዮታቸው ሙሽራ ታጅባለች፣ በሽተኛ ታደርሳለች፣ ድንች ትጭናለች፤ ባለቤቷ ገበያ የሚወርዱት ግን በባጃጅ ነው። "መኪናዎ የት ሄደች?" ሲባሉ፣ ልጁ ሹመት እንዳገኘችለት አባት ኮራ ብለው "ሥራ ላይ ናት" ይላሉ።

ባለፈው ጥቅምት ዓመታዊ ምርመራ ሊያስደርጉላት ሲሄዱ እኔ ጎረቤታቸው አብሬያቸው ነበርሁ። የምርመራ ቢሮው ሠራተኛ ጥሩነሽ ኮምፒውተሯን አየችና "ጋሼ፣ መኪናዎ ታግዳለች። ከአዲስ አበባ ወዲያ ባለው የክፍያ መንገድ ሳትከፍል አልፋለች" አለቻቸው።

"እኔ ከባሕር ዳር አልፌ አላውቅም!"

"እርስዎማ አላለፉም፤ መኪናዋ ናት። የመንገዱ ካሜራ የሚያውቀው ታርጋ ነው። ሊብሬው በስምዎ ስለሆነ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። የነዳትን ሰው ካስመዘገቡ ግን ዕዳው ወደ እሱ ይዞራል። ማን ነበር?"

ጋሽ ይሻው ጣሪያውን አዩ። መልሱን ሁለታችንም እናውቃለን፤ የሰፈራችን ልጅ ደምመላሽ ነው። ከዐረብ አገር የተመለሰች እኅቱን ውዴን አዲስ አበባ ሊቀበል መኪናዋን ወስዶ፣ እግረ መንገዳቸውን ከከተማው ወዲያ ያለች አክስታቸው ዘንድ ጎራ ብለው ነበር።

"እንጃ ልጄ፣ የማይዛት ሰው የለም" አሉ።

በክርኔ ጎሸም አደረግኋቸው፤ አልሰሙኝም። ደጅ ስንወጣ "ለምን አልተናገሩም?" ብዬ ተቆጣሁ።

"ልጁ በሾፌርነት ሊቀጠር ደጅ እየጠና ነው። ስሙ አንዴ እዚያ ከገባ ማን መኪና ያስረክበዋል?"

ከጡረታቸው ከፍለው አስለቀቋት።

ደምመላሽ ነገሩን ሲሰማ እየሮጠ መጣ። "ጋሼ፣ እርስዎ ይሙቱ፣ አላወቅሁም! የሚያስቆም የለ፣ ብር የሚቀበል የለ። ካሜራው ብልጭ ሲል ፎቶ የሚያነሱን መስሎን ውዴ ነጠላዋን አስተካክላ ፈገግ አለች!"

ጋሽ ይሻው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ታዲያ ፎቶው የታል?"

እኔ ግን አልሳቅሁም። እዚያው በልጁ ፊት አስማልኋቸው። ቀኝ እጃቸውን አንሥተው "ኢየሱስን! ከእንግዲህ ቁልፌን ለሰው አልሰጥም" አሉ። ሰፈሩ ሁሉ አዘነ። ቶዮታዋም አጥር ግቢ ገብታ ዶሮ ሰፈረባት።

ሳምንት ሳይሞላ ከከተማው ወጣ ብላ ገሳይ ያለችው እናቴ ታመመች ተባለ። አስማዩ እኔው ነኝና መኪና ለመለመን ምን ፊት አለኝ? መናኸሪያ ሄጄ ሚኒባስ እስኪሞላ ስቁነጠነጥ፣ ከኋላዬ ጡሩንባ ጮኸ። ጋሽ ይሻው መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ አንገታቸውን ወደ መስታወቱ አስግገው ተቀምጠዋል።

"መሐላዎስ?" አልኋቸው።

"ቁልፍ አልሰጥም አልሁ እንጂ አልነዳም አልሁ? ግባ!"

አነዳዳቸውን እግዜር ያሳያችሁ። ማርሹ ያቃስታል፤ ኩርባ ላይ ሁሉ ያማትባሉ፤ እህል የጫኑ አህዮች ሊቀድሙን ምንም አልቀራቸውም። ትዕግሥቴ አልቆ "ጋሼ፣ ትንሽ ፈጠን ቢሉ" ልል ወደ እሳቸው ስዞር፣ ኋላ ወንበር ላይ በወጉ የታጠፈ አዲስ ጋቢ አየሁ።

"ለእናትህ ነው" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። "ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው እንዳይበርዳቸው።"