አንበሶ የተባለው አውሎ ነፋስ

ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ፤ ተረቴን ልጀምር ነው።

በድሮ ዘመን በአንድ ጨዋማ ባሕር ዳርቻ አራዊት ይኖሩ ነበር። ከእነሱም መካከል ገና ክንፍ ያላወጡ አሥራ አንድ ጫጩቶች ያሏት እመት ጅግራ ነበረች። ጎጆዋ ከውሃው ጥግ ነው። ባሏን እንቁላሎቿን ታቅፋ ሳለች አውሎ ነፋስ ወስዶባታል፤ ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ትንሽ ጠቆር ባለ ቁጥር ጫጩቶቿን ትቆጥራለች።

በዚያ አገር የአውሎ ወራት ሲገባ አስቀድሞ የሚናገረው ሽማግሌው የባሕር ኤሊ ነበር። አንድ ቀን እያለከለከ ከውሃ ወጣና «ኧረ ጉድ መጣላችሁ!» አለ። «ትልቅ አውሎ ነፋስ ከጥልቁ ተነሥቷል፤ በሳምንቱ እዚህ ነው። ስንቅ ቋጥሩ፣ ልጆቻችሁን ሰብስቡና ኮረብታው ላይ ውጡ። ደረጃው አራት ነው።»

የኤሊ ደረጃዎች አምስት ነበሩ፤ አንደኛው ቅጠል ያረግፋል፣ አምስተኛው ዛፍ ከነሥሩ ይነቅላል። ባሏን የወሰደው ሦስተኛው ነበርና እመት ጅግራ ወዲያው ልጆቿን መሰብሰብ ጀመረች።

ግን በዚያ አገር ጉባኤ ሳይቀመጡ መሸሽ የለም። አያ አንበሶ ዙፋኑ ላይ ተሰየመ፤ አጋፋሪዋ እመት ጦጢትም ከጎኑ ቆመች።

«ለመሆኑ የሚመጣው ስሙ ማን ነው?» አለ አንበሶ።

«ስም አላወጣሁለትም፤ ለመሸሽ ስም አያስፈልግም» አለ ኤሊ።

«ወይ ድፍረት!» አለች ጦጢት። «ስሙን ሳናውቅ እንዴት እንሸሸዋለን? ደግሞስ ይህን ያህል ኃይል፣ ይህን ያህል ግሣት ያለው በማን ስም ሊጠራ ነው? በጌታችን ነዋ! አንበሶ ይባል!»

እልልታው ቀለጠ። አያ ጅቦ በደስታ አለቀሰ። አንበሳውም ጢሙን እየላሰ «መቼም እናንተ ካላችሁ ምን ይደረጋል» አለ።

ኤሊ ግራ ገባው። «እሺ፣ አንበሶ ይሁን። እንግዲያው ከአንበሶ ሽሹ።»

አጋፋሪዋ ወደ ኤሊ ዘለለች።

«ከማን?» አለች ጦጢት። «ከጌታችን ሽሹ ነው ያልከው? ቅድም ደግሞ አራተኛ ብለሃል። ከጌታችን የሚቀድሙት ሦስቱ እነማን ናቸው?»

«የለም እመት ጦጢት፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን እኮ...»

«አንደኛ በል!»

ኤሊ አንገቱን ድንጋይ ልብሱ ውስጥ ከተተና ከዚያው ሆኖ «አንደኛ» አለ። በዚያች ቃል መሸሽ ክህደት ሆነ፤ ስንቅ የቋጠረውም ስንቁን ፈታ። በምትኩ የአቀባበል ኮሚቴ ተቋቋመ። አህያ ንግግር እንዲያደርግ፣ ጃርት እንግዳውን አቅፋ አበባ እንድትሰጥ፣ ዝሆን ደግሞ ምንጣፉን ነፋስ እንዳይወስደው ጫፉ ላይ እንዲቆም ተመደበ። ሰብሳቢው አያ ጅቦ ነበርና ወደ ኮረብታው በሚያወጣው መንገድ ላይ ዘበኛ አቆመ።

እመት ጅግራ መሸሹን አልተወችም። ልጆቿን ይዛ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለት ጊዜም መለሷት። አውሎው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ግን መኳንንቱ ከባሕሩ ፊት ለፊት ባለው ቦታ ሲጋፉ አየችና ወደ ጦጢት ሄደች።

«እመት ጦጢት፣ አንድ ነገር ከንክኖኛል። ጎጆዬ ከውሃው ጥግ ነው። ነገ ጌታችን በባሕር በኩል ሲመጡ እኔ ጭሮ አዳሪዋ ከመኳንንቱ ፊት ልገኝ ነው? አፈር ስሆን፣ ከዚያ አንሺኝ።»

ጦጢት ደነገጠች። «እውነትሽን ነው! ከእርግቦቹ ኋላ ተቀመጪ።»

«ምነው፣ እኔ ከእርግብ ጋር እተካከላለሁ?»

«እንግዲያው ከአይጦቹ ኋላ።»

«አይጦች እኮ ጥርስ ያላቸው፣ የተከበሩ ናቸው።»

«ከጉንዳኖቹስ?»

«ኧረ እነሱ ስንት ሠራዊት አላቸው!»

እንዲህ እያለች ወንበሯን ወደ ኋላ ስታስገፋ ስታስገፋ ከኮረብታው ጫፍ ደረሰች። ጦጢት «ጨዋ ማለት እንዲህ ነው!» ብላ ለአገሩ ሁሉ አወራች፤ ዘበኞቹም ጫጩቶቹን በጀርባቸው አዝለው አደረሱላት።

በማግስቱ እንግዳው መጣ። አህያ «ክቡር ሆይ» ከማለቱ ንግግሩም ተናጋሪውም አልታዩም። ምንጣፉ ከነዝሆኑ ሄደ። እመት ጅግራ አሥራ አንዱንም ልጆቿን በክንፏ አቅፋ፣ የታች ሰፈሩን ጩኸት እየሰማች ስታለቅስ ዋለች። ከተቀባዮቹ እኩሌታው አልተመለሰም። አያ አንበሶ ራሱ ዘንባባ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ።

ገና ከዘንባባው ሳያወርዱት ኤሊ እንደገና ከውሃ ብቅ አለ። «ሌላ ተነሥቷል! ይኼኛው አምስት ነው!»

ጦጢት አሁን ብልህ ሆናለች። «ጥፋቱ የስሙ ነበር» አለች። «ለዚህኛው ቢሸሹት የማያስነውር፣ ተራ ስም ይውጣለት። ጅግራ ይባል!»

እመት ጅግራ ስሟ መነሣቱ አልከፋትም። እንዲያውም ደስ አላት። «ይባል! ስድቡም ለእኔ ይሁን፣ ብቻ ተነሡ እንውጣ!» አለች።

ግማሾቹ ተነሡ። ይኼኔ አያ ጅቦ ቆም አለና «ቆይ ቆይ፣ ከማን ነው የምንሸሸው?» አለ።

«ከጅግራ» አሉት።

«ከጅግራ! ለልጆቼ ምን ብዬ ልነግራቸው ነው?»

አንዱ ሳቀ፤ ሁለተኛው ተከተለው። አያ አንበሶም ዘንባባው ላይ እንዳለ «አንበሶ ከጅግራ ሸሸ ልባል? እዚሁ እጠብቃታለሁ!» አለ።

«ኧረ ጌታዬ፣ አምስተኛ ነው!» አለ ኤሊ።

«ታዲያ ጅግራ ከአምስተኛ በላይ ምን ልትወጣ ኖሯል!» አለች ጦጢት፤ አገሩም በሳቅ ፈረሰ።

እመት ጅግራ እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው። የሰማት የለም። ሰማዩ ሲጠቁር ልጆቿን አስከትላ ሽቅብ ወጣች፤ በዚህ ጊዜ የከለከላትም የሸኛትም አልነበረም። መንገድ ላይ ትንሿ ጫጩት «እማዬ፣ የሚመጣው ዘመዳችን ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«አይደለም ልጄ» አለች እናቲቱ፣ የታች ሰፈሩ ሳቅ እየተሰማት። «የእነሱ ነው። ሞት እንኳ ሲመጣባቸው ማዕረጉን ሳይጠይቁ አይፈሩትም።»