ሚንታሜ የየት አገር ስም ነው?

(ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፤ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አምስት፣ ከረፋዱ ላይ። ከአካባቢው ሹም፣ ከቺፉ ቢሮ ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ምንታምር የጽሕፈት መኪናዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። ከስደተኞች ካምፕ ወጥታ እዚህ ከከተመች ዐሥር ዓመት አልፏታል። ለሰው ሁሉ ማመልከቻ የምትጽፍ እሷ ናትና ከተማው «ማማ ታይፕ» ይላታል። ከጎልቦ ቆላ የመጣው ግመል አርቢ ቦሩ የልደት ፎርም ይዞ ፊቷ ቆሟል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።)

ምንታምር፦ አልጽፍም አልኩህ! እንዲህ ያለ ስም በእኔ ታይፕ አይመታም።

ቦሩ፦ ማማ፣ አጭር ስም ነው እኮ። ሚንታሜ።

ምንታምር፦ የየት አገር ስም ነው? አማርኛ አይደለም። ኦሮምኛ ነው?

ቦሩ፦ አይደለም።

ምንታምር፦ ስዋሂሊ?

ቦሩ፦ አይመስለኝም።

ምንታምር፦ እንግዲያማ የትል መድኃኒት ነዋ! «ሚንታሜ፣ ጧትና ማታ አንዳንድ ፍሬ፣ ከምግብ በኋላ።»

ቦሩ፦ ሚስቴ ሐሚዳ ናት ያወጣችው። እርስዎን ጠይቅ ብላ...

ምንታምር፦ ጠየቅህ፤ መለስኩልህ! ሴት ልጅ ድንበር የሚያሻግራት ስም ነው የሚያስፈልጋት። (ከሳጥኗ ሽፋኑ የወለቀ የስም መጽሐፍ ታወጣለች። ካምፕ ሳለች ያገኘችው ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትወጣዋለች፤ ቢሆንም ሰው ፊት መግለጥ ደስ ይላታል።) ዮሐንስ፣ ያህያ፣ ጆን፣ ኢቫን። ማን ናቸው?

ቦሩ፦ አራት ሾፌሮች?

ምንታምር፦ አንድ ናቸው!

ቦሩ፦ በኢትዮጵያ ኬላ ዮሐንስ፣ በኬንያ ኬላ ጆን? ይሄ ሰውዬማ ኮንትሮባንድ ጭኗል።

ምንታምር፦ አንድ የሆነው ስሙ ነው፣ ሰውየው አይደለም! ለሴት ሲሆን ጆአና ይባላል። እሱ ረዘመ ካልክ ደግሞ ጂን አለልህ።

ቦሩ፦ (ወደ ኋላ ዘሎ) አዑዙ ቢላህ! ልጄን ጂን?

ምንታምር፦ የእንግሊዝ ጂን ነው!

ቦሩ፦ ያገራችንን መች ቻልነው!

ምንታምር፦ እሺ፣ ተወው። ኤልሳቤጥ። ከኤልሳቤጥ ውስጥ ኢዛቤል አለ፣ ቤቲ አለ፣ ሊዝ አለ...

ቦሩ፦ ሊዝ? አዲስ አበባ ቦታ በሊዝ ይሰጣል ይላሉ ሾፌሮቹ። እኔ ለስንት ዓመት ነው የምፈርመው? ሲያልቅስ ልጅቱን ይወስዷታል?

ምንታምር፦ (ግንባሯን ይዛ) ኧረ ማርያም!

ቦሩ፦ እሱስ ደህና ነው። መርየም እኛም ጋ አለ።

ምንታምር፦ ስም ማውጣቴ አይደለም፣ መማረሬ ነው! ግን ይሁን። ማርያም፣ መርየም፣ ማሪያ፣ ሜሪ። እንግሊዞች ሜሪን ሲያቆላምጡ ሞሊ አሉ። ሞሊን ደግሞ ሲያቆላምጡ ፖሊ አሉ። ፖሊ ቦሩ! አያምርም?

ቦሩ፦ እዚህ በስዋሂሊ «ፖሌ»፣ አይዞህ፣ የሚባለው እኮ የታመመ ሰው ነው። ገና ምንም ሳትሆን አላፊ አግዳሚው ሊያጽናናት?

ምንታምር፦ በቃ፣ ከአንተ ጋር መድረቅ ሰለቸኝ! (ፎርሙን ነጥቃ ታይፑ ላይ ልታስገባ ስትል ቦሩ እጁን ይጭንበታል። እስካሁን እንዲህ ኮስተር ሲል አላየችውም።)

ቦሩ፦ አይሆንም። ሐሚዳ ሌላ ስም ይዘህ ቤቴ እንዳትገባ ብላኛለች።

ምንታምር፦ ይቺ ሴትዮ ይሄን ጉድ ከየት አመጣችው?

ቦሩ፦ ከሰው ነው። የዛሬ ዐርባ ቀን ከኦቦ መንደር ስትመጣ የተሳፈረችበት መኪና አሸዋ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ምጡም እዚያው መጣባት። እኔ ጎልቦ፣ ግመሎቼ ጋ ነበርኩ። አብራት የተሳፈረች አንዲት የማታውቃት ሐበሻ ሴት በነጠላዋ ጋርዳ አዋለደቻት።

(የምንታምር እጆች ከታይፑ ላይ ወረዱ። ያን ቀን አራሷን በሌላ መኪና ጭነው ወደ ሐኪም ቤት ሲከንፉ፣ እሷ በደም የራሰ ነጠላዋን ታቅፋ መንገድ ዳር ቀርታ ነበር። ትሙት ትዳን የነገራት የለም። ስሟን አታውቅ፣ ማንን ትጠይቅ?)

ምንታምር፦ ሴትዮዋ... ተረፈች?

ቦሩ፦ ዛሬ ጧት ስትቆጣኝ ነው የወጣሁት። ደህና ናት።

ምንታምር፦ ልጅቱስ?

ቦሩ፦ ፎርሙ ታዲያ የማን ነው?

ምንታምር፦ (በለሆሳስ) መኪናው ሲነሳ በመስኮት «ስምሽ ማነው?» አለችኝ። ምንታምር ብዬ ጮህኩ...

ቦሩ፦ ሞተሩ ሲያጓራ የሐሚዳ ጆሮ ሚንታሜ ብሎ ያዘው። ያቺ ሴት እርስዎ፣ ማማ ታይፕ፣ መሆንዎን የነገረኝ ቺፉ ነው፤ ያውም ትናንት።

ምንታምር፦ (መጽሐፏን ወዲያ ወርውራ) ግሩም ስም! ልዩ ስም! ልብ ብለህ ከሰማኸው ፈረንሳይኛ ፈረንሳይኛ ይላል! ፎርሙን አምጣው፣ አሁኑኑ ልምታልህ!

ቦሩ፦ አይድከሙ። (ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ፣ የአባትን ስም፣ የእናትን ስም፣ የትውልድ ቦታን በተዋበ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሞላል። የልጅቱን ስም ቦታ ባዶ ይተወዋል።)

ምንታምር፦ አንተ! መጻፍ ትችላለህ እንዴ?

ቦሩ፦ ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ።

ምንታምር፦ ታዲያ ከጧት ጀምሮ ጻፉልኝ እያልክ ለምን ታደርቀኛለህ?

ቦሩ፦ ጻፉልኝ መቼ አልኩ? እርስዎ ናቸው አልጽፍም ያሉት። ሐሚዳ «የሰው ስም ነውና የስሙን ባለቤት ሳትጠይቅ እንዳትጽፍ» ስላለችኝ ልጠይቅዎት መጣሁ፤ እርስዎ ግን ስም ሲያስተምሩኝ ነገሬን አላስጨረሱኝም። አሁንስ፣ ይፈቅዳሉ?

ምንታምር፦ (ዐይኗን በመዳፏ ጠርጋ) ፈቅጃለሁ። (ቦሩ ጎንበስ ብሎ መጻፍ ሲጀምር፣ ብድግ ብላ) ቆይ፣ ቆይ! በኤም ነው የሚጀምረው!

ቦሩ፦ (ቀና ሳይል) ማማ፣ ፈቃድ እንጂ ፊደል አልጠየቅሁዎትም።