አምስት አንድያ ልጆች

በጦርነት ጊዜ አንድያ ልጅ እንዴት እንደሚበዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚሁ ወልቂጤ አይቻለሁ። ያኔ ቀበሌያችን ለውትድርና የሚሄዱትን በዕጣ ሲለይ፣ ለእናቱ አንድ የሆነ ልጅ ዕጣ ውስጥ አይገባም ነበር። ጎረቤቴ ደሳለኝ ወዲያው አንድያ ሆነ። አራቱ ወንድሞቹም በየሚኖሩበት ከተማ እንዲሁ አንድያ ሆነው ኖረዋል። ይህን ማን ያውቃል?

መስቀል መጣ። ለመስቀል አገሩ ያልገባ ጉራጌ ደግሞ እንደጠፋ ይቆጠራል። ስለዚህ አምስቱም አንድያ ልጆች እናታቸው ቤት ተሰበሰቡ። የቀበሌው ሊቀመንበርም እንደ እኔ ክትፎ ተጋብዞ መጣ። ሁሉንም በየተራ ጨብጦ ሲያበቃ፣ “እማማ ዘነቡ፣ ልጄ አንድ ነው ብለውኝ አልነበር?” አለ።

እማማ ቆጮውን እያቀረቡለት፣ “እስቲ አንተው ምረጥ ልጄ፤ የትኛው ይቅርብኝ?” አሉት።

ሊቀመንበሩ ክትፎውን በላ፤ እኛም በላን።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት እናት ግን መስቀልን ብቻቸውን ዋሉ። ዕጣው የወጣው ለእሳቸው ልጅ ነበር። እሳቸውም በጊዜው “ያለኝ እሱ ብቻ ነው” ብለው ለምነው ነበር። ሊቀመንበሩ፣ “ዘንድሮ እንዲህ የማይል ማን አለ?” ብሎ መለሳቸው።