ዜና እናትዓለም፦ አሮጌው የፋይል መስኮት እንደ ተመለሰ

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ወይዘሮ እናትዓለም በመዝገብ ቤቱ ላይ በተሾመች በዐሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ ዐሥረኛው የኮምፒውተር ሥርዓት አልፎ ዐሥራ አንደኛው በነገሠ በስምንተኛው ቀን፣ በባሕር ዳር ከተማ በፋሲሎ ክፍለ ከተማ ይህ ነገር ሆነ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጸሐፊ እኔ ፍሬ ስብሐት በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ሳልጨምር ጻፍሁ፤ ጥቂት ብጨምርም ለክብሯ ነው።

ይህች ወይዘሮ እናትዓለም የማኅተም ጠባቂ፣ የመሳቢያ ቁልፎች ሁሉ ባለቤት፣ የጠፋ ደብዳቤ ፈላጊ፣ የተቀረቀረን ወረቀት ከፕሪንተር ሆድ በሁለት ጣት የምታወጣ ነበረች። መሥሪያ ቤታችን በጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች ያሉ የብራና መጻሕፍትን ይመዘግባል፤ ብራናውን አንብበው የሚመዘግቡትም የደልጊው ሊቅ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ናቸው። እርሳቸው በስልሳ አንድ ዓመታቸው ማውስ መያዝ ተምረው፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የአራት መቶ ዐሥራ ሁለት መጻሕፍትን ዝርዝር ፊደል በፊደል ለቅመው ጽፈዋል። እንግሊዝኛ ስለማያውቁ ፋይላቸውን የሚያገኙትና የሚገለብጡት ቦታውን በዓይን ለምደው ነው፤ ከላይ ሰፊው ረድፍ፣ የማውሱን ቀኝ ሲጫኑ የሚወርደው ረጅሙ ዝርዝር፣ ከዝርዝሩም ሰባተኛው መስመር፤ እርሱ ኮፒ ነው።

በኅዳር ሦስት ቀን የኮምፒውተር ባለሙያው ጌትነት ማሽኖቹን ሁሉ ወደ አዲሱ ሥርዓት አሻገረና በደጃፉ ላይ እንዲህ የሚል አዋጅ ለጠፈ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም በአዲሱ ትሠራላችሁ። ፋይላችሁ አልጠፋም። መልኩ ተለውጧል፤ ትለምዱታላችሁ። አሮጌውን መልስልኝ ብሎ የሚመጣ አይኑር።»

ሕዝቡም እያጉረመረመ ለመደ። ለመሪጌታ ግን ሰፊው ረድፍ ጠፋባቸው፣ ረጅሙ ዝርዝር አጠረባቸው፣ ኮፒ የሚለው ቃልም የምስር ፍሬ የምታህል ሥዕል ሆነባቸው። አራት የሥራ ቀን ሙሉ ሲፈልጉ ከርመው በአምስተኛው የክፍላቸውን ቁልፍ በእናትዓለም ጠረጴዛ ላይ አኖሩ፤ ዓርብ ጠዋት ወደ ጎርጎራ በሚሻገረው ጀልባ እንደሚሄዱ፣ ከዚያም ወደ ደልጊ እንደሚገቡ ነገሯት። እርሷም ደንግጣ ወደ ኮምፒውተራቸው ወሰደቻቸውና ፋይሉን ከፍታ አሳየቻቸው። አዩት፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

«አየሁት፤ አንቺ ስትሄጂ ግን ተመልሶ ይጠፋብኛል» አሉ። «የገዛ ደጄን ክፈቱልኝ እያልሁ ሰው ስጠራ አልኖርም፣ እናትዓለም።»

ይህን ብለው ካርቶን ሊፈልጉ ወጡ። ከእርሳቸው ሌላ ያንን የደቀቀ የብራና ጽሕፈት የሚያነብልን ሰው የለንም፤ እርሷ ያሰበችው ግን እርሱን አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት አጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ በአንዲት ሥዕል ምክንያት አፍረው ሊሄዱ መሆኑ ከነከናት።

ወደ ጌትነት ሄዳ ብትለምነው የሄደ ነገር አይመለስም ብሎ ወደ አዋጁ ጠቆማት። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ እናትዓለም ነጠላዋን አጣፋች።

በማግሥቱ ረቡዕ፣ ኅዳር ዐሥር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ወደ ሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ዘመተች። በቀኟ ከሰው ሀብት ክፍል ፀደንያ የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች፣ በግራዋ ዘበኛው አቶ ገድሉ ዱላቸውን እንደያዙ፣ በኋላዋም የጽዳት ሠራተኛዋ ዜማ ከነመወልወያዋ፣ ሥራ የበዛባቸው ሦስት የሂሳብ ሠራተኞችም ሥራቸውን ትተው ተከተሏት። እርሷም ስልኳን ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ከፍ አድርጋ ከኢንተርኔት መድኃኒቱን አገኘች፤ ከሠላሳ የሚበልጡ የላቲን ፊደሎችና ቁጥሮች በአምስት ምድብ የተሰካኩበት፣ አሮጌውን ዝርዝር የሚመልስ ረጅም ቁልፍ ነበር። ገጹን ፎቶ አነሣች፤ ቁልፉንም በአሮጌ የሰዓት ፊርማ ወረቀት ጀርባ ገለበጠች።

ወደ መሪጌታ ክፍል ወርዳም አስቀድማ ሥራቸውን በፍላሽ አሸሸች፤ ከዚያ ሬጅስትሪ ወደሚባለው የማሽኑ ውስጠኛ ጓዳ ገባች፤ ይህም እጁ የሳተ ሰው ኮምፒውተሩን ገድሎ የሚወጣበት ጓዳ ነው። ቁልፉን ጻፈች፣ ማሽኑንም አጥፍታ አስነሣች። ስክሪኑ ጠቆረ። በበራም ጊዜ ያው አዲሱ መልክ፣ ያችው የምስር ፍሬ ወጣች። ጌትነት በበሩ ቆሞ አየና ዳግመኛ ወደ አዋጁ ጠቁሞ ሄደ። ከሂሳቦቹም ሁለቱ ከዱ።

ወይዘሮ እናትዓለም በወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። መሪጌታ በዚያ ሰዓት በጎን ባለው ክፍል መጻሕፍታቸውን በካርቶን ያስሩ ነበርና ጸጥታው አስገርሟቸው መጡ። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ወረቀቱንና ስልኩን ጠየቁ።

«የኔታ፣ እንግሊዝኛ እኮ ነው» አለቻቸው።

«ፊደሉን አላውቀውም» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ፤ «ግድፈት ግን አውቃለሁ።»

ከዚያም ብራና ከብራና እንደሚያስተያዩ ስልኩን ከወረቀቱ ጎን አኖሩ፣ ስንጥርም ይዘው በዚያ አንዱን በዚህ አንዱን እየነኩ፣ ቅርጹን ከቅርጹ እያመሳከሩ ወረዱ። በአራተኛው ምድብ ላይ ስንጥሩ ቆመ።

«እዚህ ላይ ዓይኑ ዐ ጎድላለች» አሉ።

ያችም ዓይኑ ዐ የመሰለቻቸው ዜሮ ነበረች። እናትዓለም ዜሮዋን በቦታዋ ተከለች፣ ማሽኑንም እንደገና አስነሣች። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ከዚያም በራ። መሪጌታ ማውሱን ያዙ፣ ቀኙን ተጫኑ፤ ረጅሙ ዝርዝር ወረደ። በጣታቸው እየቆጠሩ ሰባተኛው መስመር ላይ ደረሱ፤ ሥራቸውንም በገዛ እጃቸው ወደ ፍላሹ ገለበጡ። አቶ ገድሉ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ፤ የከዱትም ሂሳቦች ከመጀመሪያው አብረው እንደ ነበሩ ተናገሩ።

እርሷም ከጌትነት አዋጅ በታች ይህን አዋጅ ለጠፈች፦ «አሮጌውን የፈለገ ወደ መዝገብ ቤት ይምጣ። ግልባጩን የሚያርሙት መሪጌታ ናቸው።» በማግሥቱ ከመጡት መጀመሪያው ጌትነት ነበር፤ ለራሱ ሳይሆን ለአንድ ወዳጁ መሆኑን ሦስት ጊዜ ተናገረ።

ዓርብም ጀልባው ያለ መሪጌታ ሄደ።

በታኅሣሥ ግን አፕዴት የሚሉት የሥርዓቱ ማሻሻያ በሌሊት ገብቶ የተሠራውን ሁሉ አፈረሰ። እናትዓለም ጠዋት ይህን ሰምታ ወደ መሪጌታ ክፍል ሮጠች፤ ብትገባ ረጅሙ ዝርዝር በስክሪኑ ላይ ወርዷል፣ እርሳቸውም ቁልፉ የተጻፈበትን ያንን ወረቀት ከጎናቸው ዘርግተው አራት መቶ ዐሥራ ሦስተኛውን መጽሐፍ ይመዘግባሉ። ማን መለሰልዎ ብላ ጠየቀቻቸው።

«እኔው» አሉ ዓይናቸውን ሳያነሡ። «በሩን ዝጊው፣ ነፋስ ይገባል።»

እርሷም በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች፤ በኮሪደሩም ብቻዋን ስትስቅ አየኋት። እነሆ፣ የሊቁን ደጅ ለሊቁ የመለሰች፣ በአዋጅ ላይ አዋጅ የለጠፈች፣ የመዝገብ ቤቱ እመቤት እናትዓለም ይህች ናት፤ ዕድሜዋ እንደ ጣና ይስፋ፣ ፕሪንተሯም ወረቀት አይቀርቅርባት፤ አሜን።