ሳይለወጡ ለመኖር አምስት ነገር

ሰው መቼም ጎረቤቱ ሲለወጥ ይታየዋል እንጂ እሱ ራሱ እንደ አያቱ የሚኖር ይመስለዋል። እስቲ መስታወት ፊት ቁሙና ጆሯችሁን እዩት። የማን ነው? የጆሮን ነገር በከንቱ አላነሳሁም፤ በጃንሆይ ዘመን ሆሳዕና ከተማ በጆሮ ሰበብ ሚስት ላጣ ነበር።

የአንጋጫ ከምባታ ነኝ፤ ያኔ ሆሳዕና ሳይንስ አስተምር ነበር። የአንደኛ ደረጃ መምህርቷን ማርታን ወደድኩ። ማርታ የኮሌጅ ደብተሬን ተውሳ ለአባቷ ለአቶ ኤርጫፎ ወደ ሃዲይኛ እየመለሰች ታነብላቸው ኖሯል። እሳቸው ሃዲያ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ፊደል ባይቆጥሩም የማይጠይቁት ነገር የለም። አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦ የአንድ ሕዝብ የዘር ውርስ ሳይለወጥ እንዲቀጥል ሕዝቡ እጅግ ብዙ ይሁን፤ የሚገባም የሚወጣም አይኑር፤ ጋብቻው ያለ ምርጫ፣ እንደ ዕጣ ይሁን፤ አንዱ ከሌላው ይልቅ ለመኖርና ለመውለድ አይመቸው፤ በዘሩም ላይ ድንገተኛ ለውጥ አይምጣ። ለምሳሌ የተጠቀሰው የጆሮ ጫፍ ነው፤ የአንዱ ከጉንጭ የተጣበቀ፣ የሌላው የተንጠለጠለ።

ሽማግሌ ብልክባቸው መልሳቸው መጣ። «መምህሩ ራሱ ጽፎታል፤ የሚገባ አይኑር። ደግሞ ጆሮው ከጉንጩ የተጣበቀ ነው፤ የእኛ የተንጠለጠለ ነው።»

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት! አላስችል ቢለኝ በሁለተኛው ቀጠሮ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድኩ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ትእዛዝ አይደለም፤ ለውጥ የሚለካበት ነው። አምስቱም የተሟሉለት አገር የለም» አልኳቸው።

ይቆጣሉ ስል ዓይናቸው በራ። «የለም? እስቲ አንድ በአንድ እንየው» አሉ። ያለ ምርጫ የሚለው ላይ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ጎሳ ሳይቆጠር ልጅ የሚድር ማን አለ? የሚወጣ አይኑር የሚለው ላይ እሳቸው ራሳቸው ወንጂ ሸንኮራ ሊቆርጥ ሄዶ እዚያው የቀረውን ልጃቸውን አስታወሱ። የሚገባ አይኑር የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ጆሮዬን ትክ ብለው አዩት። ማርታን ያጣኋት መሰለኝ።

ይሄኔ የማርታ እናት ከጓዳ ብቅ አሉ። «ከከምባታ፣ ከዱራሜ ያመጣኸኝን እኔን ምን ልታደርገኝ ነው?» አሉና ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው ጆሯቸውን አሳዩን። እንደ እኔ የተጣበቀ!

ሰባት ልጅ አብሯቸው የወለደ ሰው የሚስቱን ጆሮ አላየም ነበር።

አቶ ኤርጫፎ ጠጋ ብለው አዩ፤ ሚስታቸውን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ማርታን። ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ልጅቱን ውሰድ፤ ደብተሩ ግን እዚህ ይቅር» አሉ።

ቀረ። ከዓመታት በኋላ አንድ የጉራጌ ነጋዴ ልጅ የማርታን ታናሽ እህት ለጋብቻ ሊጠይቅ ሲመጣ እኔም ነበርኩ። አማቼ ደብተሩን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሥር አወጡና ልጁን በጉጉት አዩት።

«ተቀመጥ። አንተስ ከአምስቱ የትኛውን ልታፈርስልን መጣህ?»