ይቅርታ ያረሙት ጋሽ ቨርብ

«ደጅሽ ላይ ቆሜ… እምምም… እምም… ጨረቃ መሰከረች…»

ጋሽ ቨርብ ጠዋት ጠዋት ጢማቸውን ሲላጩ የሚያንጎራጉሯት ዘፈን ይህች ናት። ዜማዋን አሳምረው ያውቋታል፤ ግጥሟ ግን አይጥ እንደበላው ከረጢት እዚህም እዚያም ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን በ«እምምም» ይደፍኑታል። ባለቤታቸው የጎደሉትን ቃላት ከጫፍ እስከ ጫፍ ታውቃቸዋለች። ጓዳ ሆና ሻይ እያፈላች በልቧ ትሞላላቸዋለች እንጂ፣ አንድም ቀን «እንዲህ ነው የሚባለው» ብላ አታውቅም። ሰው የሚያንጎራጉረውን ማረም፣ ለእሷ፣ የተኛን ሰው ቀስቅሶ ሕልሙን እንደ ማስተካከል ነው።

እሳቸው ቢሆኑ ያርሙ ነበር።

በየቤተሰቡ አንድ አራሚ አይጠፋም። ሀብታም ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ሞልቷል፤ ሰካራም አጎት የሌለውም፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ይገኛል። የሰው እንግሊዝኛ የሚያርም ሰው የሌለበት ቤት ግን ገና አልተሠራም። ይህ ሰው እርስዎ ሲናገሩ ዝም ብሎ ያዳምጣል። አንገቱን ይነቀንቃል። ሐሳብዎ ገብቶት፣ ሐዘንዎ ተሰምቶት ይመስልዎታል። እሱ ግን የሚጠብቀው አንዲት የተሳሳተች ቃል ከአፍዎ እስክትወጣ ነው፤ ድመት የአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ እንደምትጠብቀው።

ጋሽ ቨርብ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የደብዳቤ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ካሳ በዘገየ ቁጥር፣ ፋይል በጠፋ ቁጥር፣ ድርጅቱ ለደንበኛው በእንግሊዝኛ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ያንን ደብዳቤ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ አንዱን እንደ ልጅ አቅፈው አሳድገውታል። «አፖሎጂ ስም ነው» ይላሉ፣ አመልካች ጣታቸውን ሽቅብ ቀስረው። «ይሰጣል፣ ይላካል፣ ይቀበሉታል። አፖሎጃይዝ ግን ግሥ ነው። ቨርብ! ይደረጋል።» «ቨርብ!» ሲሉ ድምፃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ባልደረቦቻቸው በዚያው ስም አወጡላቸው። እሳቸውም አልተቀየሙም። እንደ ማዕረግ ተቀበሉት።

አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አንድ ወጣት እግራቸውን ረገጣቸው። ጨዋ ልጅ ነበር፤ ደንግጦ «አይ አም አፖሎጂ፣ ፋዘር» አላቸው። ክቡርነታቸው የልጁን እጅጌ ያዙ። ስሙን አስረዱት፤ ግሡን አስረዱት፤ ምሳሌ ጨመሩለት። ልጁ መውረጃው አለፈው፤ ሌላም አለፈው። በመጨረሻ «አመሰግናለሁ» ብሎ አምልጦ ሲወርድ ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጣ እንደማታውቃቸው ሆና በመስኮት የሚያልፈውን ግድግዳ ታይ ነበር።

ባንክ ቤትም እንዲሁ ነው። «ለተፈጠረው መጓተት ዊ አር አፖሎጂ» የሚል መልእክት ስልካቸው ላይ ገባ ብለው ኮታቸውን ለብሰው፣ ወረፋ ይዘው፣ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ «ምን እንታዘዝ?» ላለቻቸው ልጅ ትምህርት ሰጥተው ተመልሰዋል።

ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናት። የፊተኛው ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ መጋረጃና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ደንበኞቿ ልካቸውን ሲያስለኩ ስልክ ያወራሉ፤ ሲያወሩ እንግሊዝኛ ጣል ያደርጋሉ፤ ያኔ ከጓዳው በኩል ጉሮሮ ሲጠረግ ይሰማል። እሷም ወዲያው ጎንበስ ብላ መሬት ላይ ስፒል ትለቅማለች። ስፒል ባይወድቅም ትለቅማለች። በዚህ ቤት ሥራው የተከፋፈለ ነው፤ እሳቸው ያርማሉ፣ እሷ ታፍራለች።

ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀላት ነበር። ግን ዓይኗ እየደከመ ከመጣ ወዲህ፣ ቢሮ ከመሄዳቸው በፊት ተቀምጠው በየመርፌው ክር አስገብተው የመርፌ ትራሷ ላይ በየቀለሙ ሰክተውላት የሚወጡት እሳቸው ናቸው። አንድም ቀን «አድርጌልሻለሁ» አላሉም። እንዲህ ያለውን ሰው ሙሉ ቀን መጥላት ከባድ ነው፤ ቢበዛ እስከ ምሳ ነው።

የምሳ ነገር ከተነሳ፣ ጉዱም የመጣው በምሳ ነው።

አንድ እሑድ ጋሽ ቨርብ ሥራ አስኪያጃቸውን ቤታቸው ጋበዙ። ልጃቸውም ከባሏ ጋር መጣች። የልጅቷ ባል የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ እጁ ወርቅ፣ አፉ ቁጥብ። ከአማቱ ጋር እንዳይነጋገር የሚያደርገው ጥላቻ ሳይሆን ፍርሃት ነው፤ አፉን በከፈተ ቁጥር ፈተና እንደ ተቀመጠ ይሰማዋል። ያን ቀን እንግዳውን ለማክበር ብሎ ውሃ ሊቀዳ ተነሳ። ብርጭቆው ከእጁ አዳልጦ ሥራ አስኪያጁ ጭን ላይ ተገለበጠ።

«አይ አም አፖሎጂ! አይ አም አፖሎጂ፣ ሰር!» አለ ፊቱ ፍም መስሎ።

«ኧረ ውሃ ነው፣ ይደርቃል» አሉ ሥራ አስኪያጁ እየሳቁ። ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ነበር።

ጋሽ ቨርብ ጣታቸውን አነሱ። «ቆይ ልጄ። አፖሎጂ ስም ነው። ‹አይ አፖሎጃይዝ› በል።»

«አይ አፖሎጃይዝ።»

«አልተሰማም። ጮክ በል።»

«አይ አፖሎጃይዝ!»

«ጎበዝ! አሁን ደግሞ በዓረፍተ ነገር አስገባው።»

ልጁ ውሃውን ሊያብስ ያነሳውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ጋሼ፣ ሥራ አለብኝ» አለና ወጣ። ልጅቷም ቦርሳዋን አንስታ፣ እናቷን ብቻ ስማ ተከተለችው። ሥራ አስኪያጁ የረጠበ ሱሪያቸውን አፍጥጠው ያዩ ጀመር። እናት መሬት ተከፍታ ብትውጣት አትጠላም ነበር፤ መሬት ግን ሥራ በዝቶባታል፣ ለሁሉም አትከፈትም። ጎንበስ ብላ ብርጭቆውን አነሳች።

ከዚያ እሑድ በኋላ ማንም አልመጣም። «ሥራ በዝቶበት ነው» ይላሉ ጋሽ ቨርብ። «የውሃ ነገር እሑድ አያውቅም።» እናት ስትደውል ልጅቷ ስልኩን ታነሳለች፤ ድምጿ ግን በር ገርበብ አድርጎ እንደሚያነጋግር ሰው ነው። እናት መኪናዋን ስትረግጥ ፔዳሉ እንዲህ እያለ የሚያዜም ይመስላታል፦

በሬን ክፍት ትቼ ስጠብቅ ከረምኩኝ፣
የልጄን ኮቴ ሳይሆን ነፋሱን ሰማሁኝ።

አንድ ቀን ወሬኛ ደንበኛዋ እጅጌ ልታሳጥር መጣች። ቆማ እየተለካች፣ «ልጅሽ ግን እንዴት አምሮባታል!» አለቻት። «ከገበያው ጀርባ ያለችው ሰፊ ጋ አገኘኋት፤ ቀሚሷን ወገቡ ላይ ስታሰፋ። ስንተኛ ወሯ ነው?»

እናት አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ ስለነበር መልስ አልሰጠችም። ስለዚያ ስፒል ዕድሜ ልኳን አመስጋኝ ናት። የልብስ ሰፊ ልጅ፣ እናቷ መርፌ ይዛ ተቀምጣ፣ ሆዷ የገፋበትን ቀሚስ ለሌላ ሰፊ ሰጠች! ይህን ወሬኛዋ አወቀች ማለት ሰፈሩ አወቀ ማለት ነው። እጅጌውን በጠመኔ ስታሰምር መስመሩ ተጣመመ።

ሴትዮዋ እንደ ወጣች ደወለች። «ልጄ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። «እማዬ፣ እኔ ብመጣ ባሌን አዋርጄ መምጣቴ ነው። ‹ሂጂ› ይለኛል፤ ግን እንዴት ልሂድ? አባዬ የላከለትን አላየሽም?»

«ምን ላከለት?»

«ራሱን አባዬን ጠይቂው።»

ጋሽ ቨርብ ከሥራ ሲመለሱ ጠየቀቻቸው። ምንም አላንገራገሩም፤ እንዲያውም መነጽራቸውን ወልውለው ስልካቸውን እንደ ሽልማት አቀበሏት። በምሳው ማግስት ልጁ የጻፈው አለ፦ «ዲር ፋዘር፣ ትናንት ጥዬ ስለወጣሁ አይ አም አፖሎጂ። እንደ አባቴ ነው የማይዎት።» ከሥሩ የእሳቸው መልስ፦ «አፖሎጂ ስም ነው ብዬህ ነበር። ትክክሉ ‹አይ አፖሎጃይዝ› ነው። በርታ!»

ከዚያ በታች ባዶ ነው።

«በርታ ብዬዋለሁ እኮ!» አሉ።

ሐፍረቱ ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ ፀጉሯ ሥር ደረሰ። የለመደችው ዓይነት አልነበረም፤ ይህኛው ስፒል በመልቀም አይሸኝም። «ሰው ልቡን ላከልህ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንተ አርመህ መለስክለት። የበደልከው አንተ፣ ይቅርታ የጠየቀው እሱ። ልጅህ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሰምተሃል? ቀሚሷን የሰው ሰፊ ነው የሚያሰፋላት።»

ጋሽ ቨርብ መነጽራቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉ። «አላወቅኩም…» አሉ። ቆይተው፣ «ደብዳቤ እጽፍለታለሁ።»

«በእንግሊዝኛ?»

«አሳምሬ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ስሙንም ታውቃለህ፣ ግሡንም ታውቃለህ፤ አድርገኸው ግን አታውቅም። በእግርህ ሂድና በአፍህ በል።»

እሑድ ደረሰ። ጋሽ ቨርብ ከማለዳው ጀምረው ክር ያስገባሉ። የመርፌውን ትራስ ጨርሰው መሳቢያውን ከፈቱ፤ መሳቢያውን ጨርሰው የጆንያ መርፌ አንስተው ሲባጎ ሊያስገቡ ሲታገሉ ደረሰችባቸው። «ተነስ» አለች። ተነሱ። መንገዱን ሙሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ምን እንደሚሉ አልጠየቀችም።

በሩን የከፈተው ልጁ ነው፤ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ማንኪያ ይዞ። «ጋሼ! ይግቡ፣ ይግቡ!» አለ፣ ትናንት እንደ ተለያዩ ሁሉ። ጠረጴዛው ላይ ሩዝና ድንች ይጨሳል። ልጅቷ ወገቧን ይዛ ቆማለች። አባት ሆዷን አዩና ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ሰበሩ።

ልጁ ወንበር ሳበላቸው። «ይቀመጡ፣ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ።»

አልተቀመጡም። «እኔ…» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ምንም የለም!»

«ያን ዕለት…»

«ያለፈ አለፈ! እኔ ልጅዎ አይደለሁ? ደግሞ ጥዬ የወጣሁት እኔ ነኝ። በሉ ይቀመጡ፣ በሞቴ!»

ትልቅ ሰው ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት ትንሹ ሮጦ ይዘጋለታል። ደግነት ነው፤ አክብሮት ነው። ስንቱ አባት በዚህ ደግነት ተከልሎ ሳይል ኖሮ፣ ሳይል ተቀብሯል! እናት ባሏ ወንበሩን ሲያዩት አየች። መቀመጥ ብቻ ነበር የሚቀራቸው፤ ተቀምጠው አንድ ጊዜ ቢጎርሱ ነገሩ በሳቅ ይድበሰበስና ልጅቷ በየእሑዱ ትመጣለች፤ ልጁ ግን መቼም ከልቡ አይመጣም። የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጠች። «አትቀመጥ» አለች በልቧ። «አትቀመጥ፣ የኔ ጌታ።»

«አታቋርጠኝ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ቨርብ። «አንዴ ከተቀመጥኩ አልለውም። ራሴን አውቀዋለሁ።»

ልጁ እጁን ከወንበሩ አነሳ።

«በእንግዳ ፊት አዋረድኩህ። እንደ ተማሪ… ድገም፣ ጮክ በል፣ እያልኩ። አንተ ደግሞ ከዚያ ሁሉ በኋላ… አባቴ ብለህ ስትጽፍልኝ፣ እኔ አባት የምትለዋን ቃል አላየኋትም። ስህተቷን ብቻ አየሁ። አፈርኩ። ከልጅህ… ከልጄ… እንደው ማለቴ፣ አጠፋሁ። ይቅር በለኝ።»

ዓረፍተ ነገሩ ተሰባብሯል፤ መጀመሪያው መጨረሻ ገብቷል። የደብዳቤ ክፍሉ ኃላፊ ቢያዩት በቀይ ያጨማልቁት ነበር። ላብ ከግንባራቸው ወርዶ መነጽራቸው ላይ ቆሟል፤ አልጠረጉትም።

ልጁ ማንኪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። የሚያደርገው ሲጠፋው ሱሪው ላይ የሌለ አቧራ አራገፈ። «ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ» አለ። ከዚያ፣ እንባው እንዳይቀድመው ይሁን፣ «በእንግሊዝኛ ቢሆን እኮ ቶሎ ይገላገሉ ነበር» አለ።

«በእንግሊዝኛማ» አሉ ጋሽ ቨርብ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ስለው ኖሬያለሁ። አንድም ቀን አፍሬ አላውቅም።»

ልጅቷ ሳቋና እንባዋ ተቀላቀለባት። «አባዬ፣ በቃ ተቀመጥ! እግሬ አብጧል፤ አንተ ካልተቀመጥክ እኔም አልቀመጥ።»

እናት ያን ጊዜ ስለ ራሷ አንድ ነገር አስተዋለች። አላፈረችም። ባሏ በገዛ ሐፍረታቸው ሲያፍሩ፣ አንገታቸው ቀልቶ፣ ትከሻቸው ወርዶ፣ ቃል አጥተው ስታያቸው፣ እንደዚያን ቀን ያማረ ሰው አይታ አታውቅም። ሄዳ ኮታቸውን ተቀበለቻቸው። በመሐረቧ መነጽራቸውን ጠረገችላቸው።

ጋሽ ቨርብ ወንበሩን ሳቡ፤ ተቀመጡ፤ በሉ።