ካፉሪን የናቁ እርግቦች

ካርቱም ውስጥ ሐበሻ ከሐበሻ ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «መቼ ነው የምትሄጂው?» ነው። ወዴት እንደሆነ አይጠየቅም፤ መሄድ ብቻ በቂ ነው። «እዚሁ ነኝ» ብትሉ ያመማችሁ መስሏቸው ግንባራችሁን ይዳስሷችኋል። ስለዚህ ከበድ ያለ ዕቃ አንገዛም፤ ቁም ሳጥን የገዛች ሴት ወሩን ሙሉ ትታማለች። እኔም እንደ ጨዋ ሰው፣ ከመጣሁ ጀምሮ ሻንጣዬን ሸክፌ አልጋዬ ሥር አስቀምጫለሁ። ይኸው ዓመታት አለፉ። እንዳይከፋው አልፎ አልፎ አቧራውን እጠርግለታለሁ።

አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ አብራኝ ቤት የተከራየችው ጦይባ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። የወሎ ልጅ ናት፤ እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ በተመላላሽነት ትሠራለች። የአሠሪዎቿ ልጆች የሰለቿቸውን ጥንድ እርግቦች አምጥታ ጣሪያችን ላይ አኖረቻቸው፤ ተዋለዱ። ከሥራ ስትመለስ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወደ ጣሪያው ትወጣለች። ትለቃቸዋለች፤ ሰፈሩን ዞረው ሲመለሱ ብቻዋን ትስቃለች። እውነቱን ልናገርና፣ ሳቋ ያስቀናኝ ነበር።

ታዲያ ጅዳ ያለችው አክስቷ ቪዛ ልካላት «አልሄድም» አለች። በእርግብ ምክንያት! ጁምዓ ዕለት የሰፈሩ ትልልቅ ሴቶች ሊመክሯት መጡ። ከፊት የነበሩት፣ ከወንዙ ማዶ በስተሰሜን፣ ካፉሪ በሚባል የሀብታም ሰፈር የሚያበስሉት እትዬ ከድጃ ናቸው።

«ልታርጃቸው ነው?»

«ላ ወላሂ!»

«ልትሸጫቸው?»

«አልሸጣቸውም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ያደርጉልሻል?»

«ይሄዳሉ። ከዚያ ይመለሳሉ።»

ከዚያ እትዬ ከድጃ መላ አገኙ፤ እርግቦቹን ወስደው ለአሠሪዎቻቸው ሊሰጡ፣ ጦይባም ቪዛዋን ይዛ ልትሄድ።

«እሺ» አለች ጦይባ። «ተመልሰው ከመጡ ግን ሁለተኛ ጅዳ እንዳትሉኝ።»

ሳቅን። ዛፍና ፏፏቴ ያለውን የካፉሪ ግቢ ትቶ ወደ አል-ሳሃፋ ቆርቆሮ የሚመለስ ማን ነው? ከጦይባ በቀር ከመካከላችን እርግብ አርብታ የምታውቅ አልነበረችም። እትዬ ከድጃ «ምሳዬን አቆዩልኝ» ብለው እርግቦቹ ያሉበትን ካርቶን አቅፈው ታክሲ ውስጥ ገቡ። ጦይባ ጣሪያው ላይ ወጥታ ወደ ሰሜን አፍጥጣ ቀረች። «ይመጣሉ፣ አይመጡም» እያለች ታጉተመትም ነበር፤ ለካ እሷም እርግጠኛ አልነበረችም። አሳዘነችኝ።

እትዬ ከድጃ ሲመለሱ ታክሲያቸው የወንዙ ድልድይ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ቆይቶ ነበር። የፊታቸውን ላብ እየጠረጉ ገቡና «ማሻአላህ፣ ወዲያው ለመዱት! ጥሬ ሲለቅሙ ትቻቸው መጣሁ» አሉ። መልስ የሰጧቸው ጣሪያው ላይ ያሉት እርግቦች ናቸው፤ አንድም ሳይጎድል፣ እሳቸውን ቀድመው ገብተዋል።

አክስትየዋ በስልክ ጮኸች፣ ከዚያ ደከማት። ጦይባ ቀረች።

በቀደም ነጯ እርግብ እንቁላል የምትጥልበት ስትፈልግ፣ ጦይባ አልጋዬ ሥር ጎንበስ አለችና «ይቺን ሻንጣ አትፈልጊያትም አይደል?» አለችኝ። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ከመናገር ይልቅ ግን ጎንበስ ብዬ ጎተትኩት። ሻንጣውን ከፍቼ የሸከፍኩትን ቀሚስ ብለካው ጠቦኛል። ባዶውን ሻንጣ ሰጠኋት።

ልብሴ ሜዳ ላይ አያድርም መቼም። ቁም ሳጥን ገዛሁ። የሚያማኝ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወሬው እውነት ነው፤ ባለመስታወት መሆኑንም ጨምሩበት።